ጮቄ ላይ ይሉኝታ አያዋጣም

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥቅምት ወር፣ አሥራ አራት ሆነን ከደብረ ማርቆስ ተነስተን በረቡዕ ገበያ በኩል ወደ ጮቄ ወጣን። መኪናው ከፍታው ላይ አውርዶን፣ ጅብራው በበዛበት በኩል በእግር ጉዞ ጀመርን። ሁለት ሰዓት ያህል እንደሄድን ከመካከላችን አንድ ወጣት ወደ ኋላ መቅረት አበዛ። ስንጠይቀው አንዴ "ጫማዬን እያሰርኩ ነው"፣ አንዴ "ፎቶ እያነሳሁ ነው" ይላል። ከዚያ ጉም ወረደ። ጉሙ ሳሳ ሲል ብንቆጠር አሥራ ሦስት ነን።

አርባ ደቂቃ ያህል ስሙን እየጠራን በጓሳው ውስጥ ተንከራተትን። ያገኘው በግ የሚጠብቅ ልጅ ነው፤ ወጣታችን ድንጋይ ተጠግቶ፣ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ ነበር። ከድሬዳዋ ከመጣ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ቁርስ አልበላም፣ ከመኪና ከወረድንበት ሰዓት ጀምሮ ራሱን ሲፈልጠው ነበር፣ ሁለት ጊዜም ተደብቆ አስመልሷል። ለምን እንዳልነገረን ስንጠይቀው "አሥራ ሦስት ሰው በእኔ ምክንያት አይመለስ ብዬ ነው" አለን።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በዚያ መልስ ምክንያት ነው። ስለ ተራራ ጉዞ ምክር ሲሰጥ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ ጫማ፣ ስለ ቦርሳና ስለ ድንኳን ነው። እነሱም ያስፈልጋሉ። በቡድን ስንጓዝ ግን፣ እኔ ካየሁት፣ ሰውን አደጋ ላይ የሚጥለው ከዕቃ ጉድለት ይልቅ ይሉኝታ ነው። የታመመው አይናገርም፣ መሪው ሰው ከከፈለ በኋላ እንመለስ ለማለት ያፍራል፣ ሴቶቹ የሚሸኑበት ቦታ እንዳያጡ ውሃ ሳይጠጡ ይውላሉ፣ ታናሽ ታላቁን አይቀድምም፣ ታላቁም ደከመኝ አይልም። ሜዳ ላይ ይህ ጨዋነት ነው። ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ግን ሰው ይገድላል።

በመጀመሪያ ስለ ተራራው። ጮቄ በምሥራቅ ጎጃም መካከል የተንሰራፋ፣ ጫፉ ወደ 4,100 ሜትር የሚጠጋ ነው። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃና ተምጫን የመሳሰሉ የአባይ ገባሮች የሚነሱት ከዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት በምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ዝርዝሩ ውስጥ ከዚሁ ተራራ አንድ መንደር አስገብቷል። በሰሜን ተራሮች ጎብኚ ደባርቅ ላይ ተመዝግቦ፣ አስጎብኚና ታጣቂ ስካውት ይዞ መግባቱ የተለመደ ነው። ጮቄ ግን የእርሻ፣ የግጦሽና የመንገድ ተራራ ነው፤ ከረቡዕ ገበያ ወደ ድጓ ጽዮን የሚያልፈው ጥርጊያ መንገድ ከፍታውን አቋርጦ ስለሚሄድ፣ ማንም መኪና የተከራየ ሰው ሳያስበው ውርጭ ላይ ይደርሳል። ከመኪና ወርዶ "ገና ሳንደክም ደረስን" ይላል። ጭንቀቴ የሚጀምረው ከዚያች ቃል ነው።

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው፤ አራት ሺህ ሜትር ላይ ስንደርስ ወደ ስድሳ በመቶ ይወርዳል። በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል ማለት ነው። ሰውነት ይህን ለመልመድ ቀናት ይፈልጋል። መኪና ደግሞ የቀናቱን መንገድ በሁለትና ሦስት ሰዓት ይጨርሰዋል። ብዙ ጊዜ ሕመሙ ከ2,500 ሜትር በላይ ይጀምራል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ ማስጠላት፣ ማዞር፣ ድካም፣ እንቅልፍ ማጣት። ከፍታ ላይ ያለ ሰው ራሱን አሞት ከእነዚህ አንዱ ከተጨመረበት፣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝ ድረስ የከፍታ ሕመም ነው ብሎ መያዝ ነው። "ቡና ስላልጠጣሁ ነው" የሚለውን ማብራሪያ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ሊሆን ይችላል፤ ቡናውን ይጠጣ፣ ግን እስኪተወው ድረስ ወደ ላይ አንድ እርምጃ አይሂድ።

ጉልበተኛ መሆን አያድንም። እንዲያውም ኳስ ተጫዋቹና ሯጩ ፈጥነው ስለሚወጡ ፈጥነው ይታመማሉ። "የደጋ ልጅ ነኝ" ማለትም ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ደም መርምሮ፣ የሄሞግሎቢናቸው መጠንና የደማቸው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም እንደማይለይ አግኝቷል፤ የዓለምን ተመራማሪዎች ያስደነቀ ውጤት ነው። ይሁን እንጂ ያ የሚናገረው እዚያው ከፍታ ላይ ተወልደው እዚያው ስለሚኖሩት ነው። ሞጣ ተወልዶ ሃያ ዓመት ዋሽንግተን የኖረ ሰው፣ ከአውሮፕላን ወርዶ በሦስተኛው ቀን ጮቄ ላይ ቢገኝ ሳንባው እንደ እንግዳ ሰው ሳንባ ነው። ከባሕር ዳር፣ ከድሬዳዋ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ካለ ቢያንስ ሁለት ሌሊት ደብረ ማርቆስ ቢያድር፣ ከተቻለም አንድ ሌሊት ረቡዕ ገበያ አካባቢ ቢጨምር ብዙ ልዩነት ያመጣል። ተራራው ላይ ለሚያድሩ ደግሞ ሐኪሞች የሚሰጡት መመሪያ አለ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አለማድረግ። አሴታዞላሚድ የሚባል መከላከያ መድኃኒት አለ፤ ለሁሉም ስለማይስማማ አስቀድሞ ሐኪም መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሕመሙ ቀላል ከሆነ ማረፍ፣ ውሃ መጠጣት፣ ከዚያ በላይ አለመውጣት ይበቃል። ከባሰ መውረድ ነው፣ ያውም ከሰው ጋር። ሁለት ምልክቶች ግን ምንም ምክክር አያስፈልጋቸውም። አንደኛው፣ ሰውየው ተረከዙን ከአውራ ጣቱ እያጋጠመ በቀጥታ መስመር ሲራመድ እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ሕመሙ አንጎሉ ጋ ደርሷል። ሁለተኛው፣ ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው፣ ካሳለውና አክታው አረፋ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ሳንባው ውሃ እየቋጠረ ነው። ሁለቱም በሰዓታት ውስጥ ሊገድሉ ይችላሉ። "ይደር፣ ጠዋት እናየዋለን" አይባልም፤ ጨለማም ቢሆን በቻላችሁት ፍጥነት ወደ ታች። የጮቄ በጎነቱ መንገድ ቅርብ መሆኑ ነው፤ በመኪና አንድ ሺህ ሜትር መውረድ ብቻውን ብዙ ሰው ያድናል። የራስ ምታት ኪኒን ውጦ ሕመሙን አፍኖ መውጣት ግን ራስን ማታለል ነው።

የእኛ ወጣት ደግሞ ሌላም ነገር ነበረበት። ባገኘነው ጊዜ እየተንቀጠቀጠ፣ ዚፑን መዝጋት አቅቶት ነበር። ከፍታ በሺህ ሜትር ሲጨምር ሙቀቱ በአማካይ በ6.5 ዲግሪ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከደብረ ማርቆስ ጫፉ ድረስ ከአሥር ዲግሪ በላይ ልዩነት አለ። ነፋስና እርጥበት ሲጨመርበት ሰውነት ከሚያመነጨው በላይ ሙቀት ያጣል፤ የውስጥ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በታች ሲወርድ አደጋ ነው። ለዚህ በረዶ አያስፈልግም። ካፊያ፣ ነፋስና ላብ የነካው ቲሸርት ይበቃሉ።

ጋቢን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ይከራከረኛል። ጋቢ ለደረቅ ብርድ የሚተካው የለም። ነገር ግን ጥጥ ነው፤ ከረጠበ ውሃውን ይዞ ይከብዳል፣ የሰውነትንም ሙቀት ይመጥጣል። ጂንስ ሱሪም እንደዚሁ ነው። የአገሩ ሰው የበግ ጠጉር ባና የሚደርበው፣ ለዝናቡም ገሳ የሚይዘው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ሱፍ ረጥቦም ይሞቃል፣ ገሳውም ውሃ ያፈሳል። ከተሜው ገሳውን በዝናብ ልብስ፣ ባናውን በሱፍ ሹራብ ሊተካ ይችላል። ጋቢው በላስቲክ ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ፤ ማረፊያ ቦታ ስትደርሱ፣ ወይም ሰው ሲበርደው፣ ያን ጊዜ ደረቅ ሆኖ ይገኛል።

አረቄ አያሞቅም። ፊት ሲግል፣ ቆዳ ሲቀላ የሞቀን ይመስለናል፤ የሆነው ግን ደሙ ከውስጥ ወደ ቆዳ ወጥቶ ሙቀቱን ለነፋሱ መስጠቱ ነው። ሰውየው ሞቀኝ ሲል ልቡና ሳንባው እየቀዘቀዙ ነው። በዚያ ላይ የስካር ምልክትና የከፍታ ሕመም ምልክት ስለሚመሳሰሉ፣ የጠጣ ሰው ሲንገዳገድ የትኛው እንደሆነ ማንም አይለይም። ደጎቹ የመንደሩ ሰዎች "ለብርዱ" ብለው ሲያቀርቡ እምቢ ማለት ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ስንመለስ እንቀምሳለን ብላችሁ ቃል ግቡና ስትመለሱ ቅመሱ።

የበረደው ሰው ምልክቶቹ እጁ አለመታዘዙ፣ መደነቃቀፉ፣ መነጫነጩ፣ ቃላት መጎተቱ ናቸው። መንቀጥቀጡ ድንገት ሲቆም አገገመ አትበሉ፤ ሰውነቱ መሞቅን እየተወ ነው። ከነፋስ አስጠልሉት፣ እርጥቡን አውልቁለት፣ ደረቅ አልብሱት፣ ከመሬቱ ለዩት፣ ራሱን ካልሳተ ትኩስና ጣፋጭ ነገር ስጡት። በስኳር የተበጠበጠ በሶ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። እዚህ ላይ ጾምን ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። ረቡዕና ዓርብ፣ ወይም በነቢያት ጾም ወቅት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ ተራራ የሚወጡ ብዙ ናቸው። እምነታቸው ይከበር፤ የቡድኑ መሪ ግን ይህን ሌሊቱን ሳይሆን ሳምንት ቀድሞ ይወቅና ቀኑን ይቀይር ወይም መንገዱን ያሳጥር። የተራበ ሰውነት ቶሎ ይበርደዋል።

መብረቅ ሌላው ነው። በሚያዝያና በግንቦት፣ ከዚያም ክረምቱን ሙሉ፣ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይከመራል። ብልጭታውን አይታችሁ ቁጠሩ፤ በየሦስት ሰከንዱ አንድ ኪሎ ሜትር ነው። ሠላሳ ሳይሞላ ካጉረመረመ መብረቁ እናንተን ሊመታ በሚችልበት ርቀት ላይ ነው፤ ከሸንተረሩ ውረዱ፣ ከብቸኛ ዛፍ ራቁ፣ ተራርቃችሁ ቁጢጥ በሉ፣ የመጨረሻው ድምፅ ከተሰማ ሠላሳ ደቂቃ ሳያልፍ አትነሱ። ተቃቅፎ መጠለል ለብርድ ጥሩ ነው፤ በመብረቅ ጊዜ ግን አንዱ ብልጭታ ሁሉንም ይመታል። ወንዞቹም የራሳቸው ነገር አላቸው፤ ላይ ዘንቦ ታች ፀሐይ እያለ ደራሽ ውሃ ይመጣል። ጉልበት የሚደርስ ፈጣን ውሃ አዋቂ ሰው ይጥላል። ጠዋት በድንጋይ ላይ ዘላችሁ ያለፋችሁት ወንዝ ማታ ከሞላ፣ እስኪጎድል ዳር ቁጭ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቡድኑ። በድሮው የጦር አሰላለፍ ፊታውራሪ ከፊት ይመራል፣ ደጀን ከኋላ ይይዛል። ከአባይ በረሃ ወጥታችሁ ጎጃምን የምትረግጡባት ከተማ ስሟ ደጀን መሆኑን ሳስብ ደስ ይለኛል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በባሶ ገበያ የሚሰባሰቡት የሲራራ ነጋዴዎችም ያለ ነጋድራስ አይንቀሳቀሱም ነበር። ለአንድ ቀን የእግር ጉዞም ይኸው ይሠራል። ፊታውራሪው መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይሁን፣ ቢቻል የዚያው ቀበሌ ተወላጅ፤ ፍጥነቱን የሚለካው ግን በራሱ ጉልበት ሳይሆን በደካማው ሰው እርምጃ ነው። ደካማውን ከፊታውራሪው ቀጥሎ አሰልፉት። ሁልጊዜ የሚሠራው ስህተት ብርቱዎቹ ቀድመው ሄደው፣ ተቀምጠው አርፈው፣ ደካማው ሲደርስ "በሉ እንሂድ" ብለው መነሳታቸው ነው። ያ ሰው ቀኑን ሙሉ ዕረፍት አያገኝም።

ደጀኑ ከቡድኑ ልምድ ያለው፣ ትዕግሥተኛውና የመጀመሪያ እርዳታ ዕቃውን የያዘው ይሁን። ከደጀኑ ኋላ ማንም አይቀርም፤ ለሽንትም ቢሆን ተናግሮ፣ ቦርሳውን መንገድ ላይ ትቶ ነው። በየሰዓቱ ቆጠራ ይደረግ፤ ጉም ሲወርድ ደግሞ ወዲያው ቆሞ መቁጠር። እኛ የተቆጠርነው ጉሙ ከሳሳ በኋላ ነው፤ ስህተታችን ያ ነበር። ሁሉም ሰው አንገቱ ላይ ፊሽካ ቢያስር መልካም ነው። ሦስት ጊዜ መንፋት የእርዳታ ጥሪ መሆኑን ለራሳችሁ ብቻ ሳይሆን ለእረኞቹም ንገሩ። የጠፋው ሰው አንድ ሥራ ብቻ አለው፤ ባለበት ቆሞ መንፋት። መውረጃ ፍለጋ በጉም ውስጥ መሄድ ገደል ያደርሳል።

ይሉኝታውን ለማሸነፍ ምክር ብቻ አይበቃም፤ ዘዴ ይፈልጋል። "ደህና ነህ?" ተብሎ የተጠየቀ አበሻ "እግዚአብሔር ይመስገን" ከማለት ሌላ አያውቅም፤ ትኩሳት ላይ ሆኖም ይህንኑ ይላል። ስለዚህ መሪው "ጠዋት ምን በላህ? ራስህን ይዞሃል? ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ሸናህ?" ብሎ እየለየ ይጠይቅ። ከሁሉም በፊት የራሱን ይናገር፦ "እኔ ዛሬ ትንሽ ከብዶኛል።" አለቃ ደከመኝ ካለ ምንዝር ለመናገር ይደፍራል። ከመምህራቸው ጋር የወጡ ተማሪዎች፣ ከአለቃቸው ጋር የወጡ ሠራተኞች ካሉ፣ የሕመም ምልክት ሲነገር የሚቀበለው መምህሩ ወይም አለቃው ሳይሆን ሌላ ሰው ይሁን። ጋሼ እገሌ ስልሳ ዓመት ካለፋቸው በሰው ፊት አትጠይቋቸው፤ ጎናቸው ሄዳችሁ "ጋሼ፣ እኔ ደክሞኛል፣ ትንሽ እንቀመጥ?" በሏቸው። ለሴቶች በየሁለት ሰዓቱ የታወቀ ፋታ ይኑር፤ ሴቶች ወደ ቀኝ፣ ወንዶች ወደ ግራ፣ ማንም ዞር ብሎ አያይም። ይህ ብቻ ስንቱን የውሃ ጥም እንደሚያስቀር ያየሁት እኔ ነኝ።

የመመለሻ ሰዓት ደግሞ ማታ ከተማ ውስጥ፣ እራት ላይ ይወሰን። ለምሳሌ "የትም እንድረስ፣ ሰባት ሰዓት ላይ እንመለሳለን።" ላይ ወጥቶ፣ ጫፉ እየታየ፣ አሥራ አራት ሰው እያጉረመረመ የሚወስን መሪ ብዙ ጊዜ የሚወስነው ለይሉኝታው ነው። አስቀድሞ የተቆረጠ ሰዓት ግን የማንም ጥፋት አይደለም። አንድ ሰው የግድ መውረድ ካለበት ከእሱ ጋር ማን እንደሚወርድም ያኔውኑ ይታወቅ፤ የታመመ ሰው ብቻውን አይሰደድም።

ከዚህ ሁሉ በፊት የሚመጣ ጥያቄ አለ። በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ምክንያት ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ የጎጃም መንገድ አንድ ቀን ክፍት፣ አንድ ቀን ዝግ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ደላላ ወይም ማስታወቂያ አይነግራችሁም፤ እዚያው የሚኖር የምታምኑት ሰው ይንገራችሁ። "እስቲ ቆዩ" ካለ ይቆያል። የሰው ሕይወት ይዞ "ምንም አይሆንም" ማለት መሪነት አይደለም።

አደጋ ከደረሰ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ ተራራው ላይ ግን ስልክ አይታመንም። ስለዚህ የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ከተማ ውስጥ በወረቀት ጽፋችሁ ተዉለት። ውሻ ከነከሰ ቁስሉን ለአሥራ አምስት ደቂቃ በሳሙናና በውሃ አጥባችሁ፣ ቀላል ቢመስልም ያን ዕለት ጤና ተቋም ሂዱ።

እግሩ የተሰበረን ወይም ራሱን የሳተን ሰው ከዚያ የሚያወርደው በመጨረሻ የመንደሩ ሰው ነው፤ በቃሬዛ፣ በአራት ትከሻ፣ እየተቀያየረ፣ መኪና እስኪደርስበት ድረስ። የኛን ወጣትም፣ ቃሬዛ ባያስፈልገውም፣ ደግፈው መንገድ ያደረሱት ገብስ እያጨዱ የነበሩ አባትና ልጅ ናቸው። የዚያን ቀን ሥራቸው ቀረ። ገንዘብ ስናወጣ አባትየው "ኧረ ልጆቼ፣ ነውር ነው" ብለው እጃቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። እኛም አመስግነን ሄድን፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ነውር ነው የሚሉት ገንዘቡ ስለማያስፈልጋቸው አይደለም። አሁን ስሄድ ከመነሳታችን በፊት ከቀበሌው ሽማግሌ ጋር እንነጋገራለን፤ ሰው ቢታመምብንና የመንደሩ ሰው ቢሸከምልን የቀን ሥራው ዋጋ ስንት እንደሆነ፣ ለማን እንደሚሰጥ። ገንዘቡ በፖስታ ተደርጎ ሽማግሌው ዘንድ ይቀመጣል። ችግር ካልደረሰ ለመንደሩ ቃሬዛ ገመድና ሸራ ይገዛበታል።